መኪና በማይደርስበት ሥፍራ የተያዘ ከብትን በሰው ጉልበት ስለማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት፣ ረግረግ፣ ገደል ወይም ጉድጓድ ውስጥ ከብታቸው የተያዘባቸው የጅማ አካባቢ አርቢዎችና ጎረቤቶቻቸው በየወቅቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ከብት በብዛት የሚያዘው የትና መቼ ነው?

በጅማ ዙሪያ ሁለት ክፉ ወቅቶች አሉ። የመጀመሪያው የበጋው መጨረሻ ነው። የሜዳው ሣር ደርቆ ለምለሙ በረግረግ ዳር ብቻ ሲቀር፣ በርሃብ የከሳ ከብት እንደ ቦዬ ባሉ ረግረጎችና በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳርቻ ሣሩን እየተከተለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በተለይ ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ በቀርሳ፣ በኦሞ ናዳና በጢሮ አፈታ በኩል ላዩ የደረቀ፣ ሥሩ ግን ልስልስ የሆነ ጭቃ ይተዋል። ይህ ቅርፊት እረኛውን ይሸከማል፤ ሰውነቱ በአራት ጠባብ ሰኮናዎች ላይ ያረፈውን በሬ ግን አይሸከምም።

ሁለተኛው ወቅት ክረምቱ ነው። በዚያን ጊዜ ከብቱ የሚያዘው ከቡና ጫካ ተዳፋት ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ወይም ደራሽ ውኃ ከቆረሰው አፋፍ ጋር ሲወድቅ ነው። በጎጀብና በጊቤ ሸለቆዎች ደግሞ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ያዳከመው ከብት ጤነኛው በቀላሉ ከሚወጣበት ጭቃ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ከብቱ ከወጣ በኋላ የዐይኑን ቆብ ገልጦ ማየት ይገባል፤ ውስጡ ነጥቶ ከተገኘ ችግሩ ጭቃው ብቻ አልነበረምና ለእንስሳት ሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

እንደደረስኩ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መሳብ አይጀመር። ከሁሉ በፊት አፍንጫው ከጭቃና ከውኃ በላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካልሆነም ጭድ ወይም ቅጠል የተጠቀጠቀበት ጆንያ ከመንጋጋው ሥር ማስገባት ነው። ቀጥሎ ውሻና ሕፃናት ይራቁ፤ ጩኸትም ይቁም። በድንጋጤ የሚፈራገጥ ከብት በእያንዳንዱ ፍርገጣ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ጉልበቱንም ይጨርሳል። ዐይኑን በነጠላ ወይም በፎጣ መሸፈን በብዙ ከብት ላይ ወዲያው መረጋጋትን ያመጣል። አብሮት የሚውል ሌላ ከብት ካለ፣ ድምፁ በሚሰማበት ደረቅ መሬት ላይ ቢታሰር ይረዳል።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻ አዛዥ ሆኖ ይመረጥ። ኡኡታ ሰምቶ የመጣ ሠላሳ ሰው ሁሉም አዛዥ ከሆነ ከብቱም ሰውም ይጎዳል። አዛዡ ገመድ፣ አካፋ፣ ባልዲ፣ አጠናና ጆንያ እንዲመጣ ሰው ይላክና እስኪመጣ ድረስ መውጫውን ይመልከት። አፍንጫው አየር እያገኘ እስከሆነ ድረስ ለዝግጅት የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት የባከነ አይደለም።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

የአገራችን በሬ በአብዛኛው 300 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም 60 ኪሎ የሚይዙ አምስት ጆንያ ቡና ማለት ነው። የተዳቀለች የወተት ላም ከ400 ኪሎ ልታልፍ ትችላለች። ከጭቃ ለማውጣት ግን ክብደቱ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። ጭቃው እግሩን ይዞ በሚስብበት ጊዜ የሚጠየቀው ጉልበት ከከብቱ ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ጭቃው አስቀድሞ ከተላቀቀ ግን በግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት ጉተታ ይልቅ የግማሽ ሰዓት ቁፋሮ ይመረጣል።

በሚያንሸራትት መሬት ላይ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ሊስብ የሚችለው በግምት ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ጉልበት ነው። ስለዚህ ለአንድ በሬ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳቢ፣ ሁለት ቆፋሪ፣ አንድ ራስ ያዥና አንድ አዛዥ ቢኖሩ ሥራው በደንብ ይሄዳል። መዘውር፣ ግንበኞች ካሩኮላ የሚሉት፣ ከተገኘ አንዱን ከብቱ በታሰረበት ጫፍ ላይ አድርጎ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከዛፍ ጋር ማሰር የሚያስፈልገውን ጉልበት ወደ ግማሽ ያወርደዋል። በልዋጩ ከብቱን አምስት ሜትር ለማንቀሳቀስ አሥር ሜትር ገመድ መሳብ ይኖራል።

በአንገቱ፣ በቀንዱ ወይም በጭራው አስሮ መሳብ ለምን አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እመልሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከወንዝ አፋፍ በአንገቷ የተጎተተች የወተት ላም ዳገቱን ሳትጨርስ ስትሞት አይቻለሁ። ጭቃው አልገደላትም፤ ስንደርስ በደንብ ትተነፍስ ነበር። በአንገት ላይ የገባ ገመድ የአየር ቧንቧንና ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን ሥሮች አብሮ ይጫናል፤ ሳቢዎቹ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚጎትቱ ምላሷ ሲወጣ አያዩም። የአንገት አጥንት መገጣጠሚያዎችም የሙሉ ሰውነት ክብደትና የጭቃውን ይዞታ ተሸክመው እንዲጎተቱ የተሠሩ አይደሉም።

ቀንድ ሊሰበር ይችላል፤ ሥሩ ከግንባር አጥንት ክፍተት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲሰበር ብዙ ደም ይፈስሳል። ጭራ ሲጎተት መገጣጠሚያዎቹ ይለያያሉ፤ ወደ ጭራው፣ ወደ ፊኛውና ወደ ፊንጢጣው የሚሄዱ ነርቮችም ይጎዳሉ። በአንድ እግር መጎተት ደግሞ ዳሌን ወይም ትከሻን ያወልቃል፤ ዳሌው የወለቀ በሬ ከረግረግ ቢወጣም ለእርሻ አይተርፍም። ራስ የሚያዘው ለመምራትና አፍንጫን ከፍ አድርጎ ለማቆየት ብቻ ነው።

ታዲያ የት ይታሰር? በምን ዓይነት ገመድ?

የመሳቢያው ጉልበት የሚያርፈው በከብቱ ደረትና ሆድ ላይ ነው። አንዱ መታጠቂያ ከፊት እግሮች በስተኋላ ደረቱን ይዞራል፤ ሁለተኛው ከኋላ እግሮች ፊት ለፊት፣ በላም ጡት በወይፈን ብልት ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቆ፣ ሆዱን ይዞራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜና እኩል ይሳባሉ። በጭቃው ውስጥ መታጠቂያውን በሆዱ ሥር ለማሳለፍ የመታጠቂያውን ጫፍ በቀጭንና ጠፍጣፋ የቀርከሃ ስንጣቂ ጫፍ ላይ አስሮ መስደድ ይቻላል። እጅን በሆዱ ሥር አሻግሮ መስደድ አደገኛ ነው፤ ከብቱ ሲገለበጥ ክንድ ይሰብራል።

ቀጭን የናይለን ገመድ ለብቻው ቆዳውን ይቆርጣል። የጭነት መኪና ማሰሪያ ሰፊ ቀበቶ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልተገኘ መጫኛ ወይም ወፍራም የቃጫ ገመድ ወስዶ ከሥሩ አራት አምስት ጊዜ የታጠፈ ጆንያ ማንጠፍ ነው። መታጠቂያው ቢያንስ የእጅ መዳፍ ስፋት ይኑረው። ቋጠሮው በተሳበ ቁጥር የሚጠብቅ ሸምቀቆ መሆን የለበትም። ሳቢዎችም ገመዱን በእጃቸው ወይም በወገባቸው ላይ መጠምጠም የለባቸውም፤ ከብቱ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ይዟቸው ይሄዳልና።

ጭቃው ለምን አይለቅም? እንዴትስ ይላቀቃል?

እግሩ ወደ ላይ ሲሳብ ከሰኮናው ሥር ባዶ ቦታ ሊፈጠር ይሞክራል፤ እርጥብ ጭቃ ግን አየር ስለማያስገባ ያ ቦታ እንደ ሲሪንጅ ይስባል። መፍትሔው በእግሩ ጎን አየር ወይም ውኃ ማስገባት ነው። አጠና በእግሩ ጎን እስከ ሰኮናው ድረስ ተሰክቶ በክብ ይወዛወዛል፤ በተከፈተው ቀዳዳ ውኃ በባልዲ ይፈስሳል፤ ይህ ለአራቱም እግር ይደገማል። ሰው ሁሉ ጭቃ ላይ ውኃ መጨመር እብደት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚይዘው ወፍራሙ ጭቃ ነው እንጂ ቀጭኑ አይደለም።

እግሮቹ ሲላሉ ከፊቱ ቅርንጫፍ፣ ጭድና ሳንቃ ተነጥፎ ከብቱ ወደ አንድ ጎን በቀስታ ዘንበል ይደረጋል። በጎኑ የተኛ ሰውነት ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም። ጉተታው ወደ ላይ ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ተጠግቶ ይሁን፤ እየተጎተተ፣ እያረፈ፣ ትንፋሹ እየታየ። በመካከል ራሱ መታገል ከጀመረ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሥራውን ለእሱ መተው ነው።

ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባስ?

ወደ ላይ አንጠልጥሎ ማውጣት መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ጉድጓዱ ከሁለት ሜትር ብዙ ካልበለጠና አፈሩ የማይናድ ከሆነ በአንድ ወገን ተዳፋት መውጫ መቆፈር ይሻላል። ሌላው ዘዴ አፈርና ጭድ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው፤ ከብቱ እየረገጠ ከወለሉ ጋር ይነሳል። ይህ የሚሠራው ቆሞ ላለ ከብት ብቻ ነው።

ጥልቅ ወይም አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ሰው መውረድ የለበትም። ግድግዳው ሊናድ ይችላል፤ ከታች የሚጠራቀም ኦክስጅን የሌለው አየርም ሽታ ሳይኖረው ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ለማዳን ወርዶ አብሮ የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወጣ፤ ግን መቆም አልቻለም። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ በደረቱ ይቀመጥ። በጎኑ ዘርግቶ የተኛ ከብት በጨጓራው የሚፈጠረውን ጋዝ ማግሳት ስለማይችል ይነፋል፤ የተነፋው ሆድም ሳንባውን ይጫናል። በግራና በቀኝ ጭድ የሞላ ጆንያ ተደግፎ፣ እግሮቹ ከሥሩ ታጥፈው፣ ራሱ ከፍ ይበል። ጭቃው በለብታ ውኃ ታጥቦ ሰውነቱ በደረቅ ጭድ በደንብ ይታሽ፤ ከዚያም በጆንያ ይሸፈን። ጤነኛ ከብት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል ባለው ሙቀት ይኖራል፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ግን ከዚያ በታች ይወርዳል። ውኃ በፊቱ ይቅረብለት፤ በጠርሙስ ግን አይጋት፤ የደከመ ከብት የተጋተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ጠላት የራሱ ክብደት ነው። ለሰዓታት በአንድ ጎን የተጫነ ጡንቻና ነርቭ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል፤ ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ይገልበጥ። የሚበላና ጆሮውን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ በማግስቱም ሊነሳ ይችላልና ተስፋ አይቆረጥ። በግራ ጎኑ ከዳሌው ፊት ያለው ቦታ እንደ ከበሮ ከተነፋ ግን የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ያስፈልጋል።

ከጫካው እስከ መንገድ በቃሬዛ ይሸከሙት ወይስ ይጎትቱት?

ጥጃ፣ በግና ፍየል ያለ ችግር በቃሬዛ ይሄዳሉ። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸከሙበት ዓይነት ቃሬዛ፣ ሁለት አጠናና በመካከሉ የተወጠረ ጆንያ፣ እስከ 100 ኪሎ ለአራት ተሸካሚና ለአራት ተለዋጭ ይበቃል። ትልቅ ከብት ግን ሌላ ነገር ነው። 300 ኪሎ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ መሆኑ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በቡና ጫካ ጠባብ መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ አይችልም፤ አንዱ ሲያዳልጠውም ክብደቱ ሁሉ በሌሎቹ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የሚመረጠው ጉተታ ነው። ከሁሉ የምወደው የደረቀ የበሬ ቁርበት ነው፤ ጠጉሩ ወደ መሬት፣ የአንገቱ ወገን ወደ ፊት ሆኖ ሲነጠፍ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ስለሚሄድ ይንሸራተታል። ጠርዙ የታጠፈ ቆርቆሮ ወይም የበር ሳንቃም ያገለግላል። ከብቱ በደረቱ ወይም በቀኝ ጎኑ ይደረግ፤ ግራው ወደ ላይ ሲሆን ጨጓራው አይጫንም። እግሮቹ በለስላሳ ነገር ይታሰሩ፤ ዐይኑ ይሸፈን፤ አንድ ሰው ራሱን ይዞ ይሂድ። ገመዱ የሚታሰረው ከተንሸራታቹ ጋር ነው እንጂ ከከብቱ ጋር አይደለም። በየመቶ እርምጃው ይቆም፤ ትንፋሹና ሆዱ ይታይ።

ቁልቁለት ከዳገት ይበልጥ ያስፈራል። ሁለት ገመድ ከኋላ ታስሮ በዛፍ ግንድ ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ቀስ እየተባለ ይለቀቅ፤ ከታች በኩል ማንም አይቁም።

ከመድረሳችን በፊት ቢመሽስ?

በጨለማ ተዳፋት ላይ ከመጎተት ከብቱን ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ በደረቱ አስቀምጦ ማደር ይሻላል። እሳት ይነድ፤ ቢያንስ ሦስት ሰው ተራ ይግባ። መነሳት የማይችልን ከብት ጅብ በቁሙ ይበላዋል፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ብቻውን አይተው።

አህያ፣ በቅሎና ፈረስ በተለየ መንገድ ይያዛሉ?

የማሰሪያው ቦታ ያው ነው፤ የሚለየው ፍርሃታቸው ነው። ተረጋግተው ቆይተው በድንገት ይራገጣሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በጀርባ አጥንታቸው ወገን እንጂ በእግሮቻቸው መካከል አይቆምም። ጭነት ካለባቸው መጀመሪያ ጭነቱ ይፈታ፤ ካልተፈታም ይቆረጥ። ከአንድ ጆንያ ቡና የበቅሎው ሕይወት ይቀድማል።

ማደንዘዣ ወግቶ ማረጋጋት አይቻልም?

ይህ የእንስሳት ሐኪሙ ውሳኔ ነው። የደነዘዘ ከብት ራሱን ከውኃ በላይ አይዝም፤ መዋጥም ያቅተዋል፤ የጨጓራው ይዘት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በግምት መውጋት ከብቱን እዚያው ማስጠም ነው።

የማይተርፍ ከሆነ መቼ ይታረድ? ሥጋውስ እንዴት ይውጣ?

እግሩ ወይም ዳሌው ከተሰበረ፣ ወይም ትንፋሹ እየደከመ ከሄደ ውሳኔው መዘግየት የለበትም። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ወድቆ የተጎዳ ከብትም የሚበላው ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ነው። ማን እንደሚያርደው ቀድሞ ይወሰን፤ በጅማ ገጠር ረዳቱ ሕዝብ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ሃይማኖት ነውና፣ ሥጋውን የሚወስደው ባለቤቱ የማን እምነት ተከታይ እንደሆነ ታይቶ ቢሆን ቅሬታ አይነሳም። በቅርብ ቀናት መድኃኒት የተወጋ ወይም በበሽታ የቆየ ከብት ግን ታርዶም ቢሆን ለምግብ አይሆንም፤ ይህ ሐኪም ሳይጠየቅ አይታለፍ።

ሥጋው ከነአጥንቱ የሕይወት ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ300 ኪሎ በሬ ወደ 150 ኪሎ ይወጣል። ይህ ስድስት ወይም ሰባት ሰው የሚሸከመው ነው። ደሙ በደንብ ይፍሰስ፤ ሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ፤ ብልቱ ተለይቶ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በጥላ ሥር ይሂድ። በጎጀብ ቆላ ሙቀት ሥጋ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በፕላስቲክ ከታፈነ ደግሞ ፈጥኖ ይበላሻል።

ሞቶ ካገኘነውስ?

ደም ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የፈሰሰ፣ ፈጥኖ የተነፋና እግሮቹ ድርቅ ብለው ያልቀሩ ሬሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይቀደድ፤ አይገፈፍ፤ አይጎተት። ሬሳው ሲከፈት ተሕዋሱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በአፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ዘር ይሠራል። ለቀበሌው እንስሳት ጤና ባለሙያ ተነግሮ እዚያው በጥልቀት ይቀበር። በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን ልጋጉን የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተውና ያለ ምክንያት የሚያጓራ ከብት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ አፉ ውስጥ እጅ አይግባ።

የተያዘው የዱር እንስሳ ቢሆንስ?

ድኩላ፣ ከርከሮ ወይም ጎሽ ጉድጓድ ወይም ወጥመድ ውስጥ ቢገኝ መግደልም ሆነ መውሰድ አይፈቀድም፤ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጉድጓድ ውስጥ ላለው የሚደረገው እርዳታ መውጫ ጥሎ መራቅ ነው፤ ግንድ በሰያፍ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎሽና ከርከሮ የተያዙ ቢመስሉም አይቀረቡ፤ ለወረዳው ይነገር።

ሲረዱ ከብቱ ቢሞት ወይም ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?

ደቦ በፈቃድ የሚመጣ እርዳታ ቢሆንም ጠብ የሚያስነሳው ይህ ነው። ባለቤቱ ካለ፣ ጉተታው ከመጀመሩ በፊት የአወጣጡን መንገድ መስማማቱንና ቢሞት ረዳቶቹን እንደማይከስስ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ይናገር። ባለቤቱ ካልተገኘ የሚደረገው ከብቱን በሕይወት ማቆየት ብቻ ነው፤ ማረድ የሚቻለው ሽማግሌዎች አይተው ከወሰኑ ነው፤ ቆዳውና በጆሮው ወይም በጎኑ ያለው ምልክት ለባለቤቱ ማስረጃ እንዲሆን ይቀመጣል።

የተጎዳ ሰው ሕክምና በባለቤቱ እንዲሸፈን፣ ገመዱ የተበጠሰበት ሰው ገመዱ እንዲተካለትም አስቀድሞ መነጋገር ነውር አይደለም። በእኔ አስተያየት ይህ ንግግር ገመዱ ከመታሰሩ በፊት ባለው በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ቆፋሪዎቹ እየቆፈሩ ሳለ ቢያልቅ ጥሩ ነው።